የልጄን የክርስትና ቪዲዮ እናቴ ቤት ባለው የዲቪዲ ማጫወቻ እንዲታይ አድርጌ ዲስክ ላይ እንዴት ልጻፈው?

ጥያቄ፦ የማርቆስ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ በስልኬ የቀረጽኩት ቪዲዮ አለኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓትና ከዚያ በኋላ በቤታችን የነበረው ግብዣ አንድ ላይ ተቀጥሎ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ደብረ ማርቆስ የምትኖረው እናቴ የልጅ ልጇን እስካሁን በዓይኗ አላየቻትም። ስማርት ስልክ አትይዝም፤ ሰፈሯ ያለው ኢንተርኔትም ይህን ያህል ርዝመት ያለው ቪዲዮ ለማውረድ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ሳሎኗ ባለው የዲቪዲ ማጫወቻ እንድታየው ዲስክ ላይ ጽፌ በሚሄድ ሰው ልልክላት አስቤያለሁ።

ከዚህ በፊት ዲስክ በርን አድርጌ አላውቅም። በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ የዲቪዲ መጻፊያ ገዛሁና ባዶ ዲስክ አስገብቼ፣ ኤምፒ4 የሆነውን ፋይል ጎትቼ ወደ ዲስኩ ገለበጥኩት። ኮምፒውተሬ ላይ ያለ ችግር ይከፈታል፤ ነገር ግን ጎረቤቴ ቤት ባለው ማጫወቻ ስንሞክረው ዲስኩ ጥቂት ከዞረ በኋላ እንደማይነበብ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። በሁለተኛ ዲስክም ብሞክር ያው ሆነ። ችግሩ ከዲስኩ ነው፣ ከመጻፊያው ነው ወይስ ከእኔ አሠራር? ሰውየው የሚሄደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ብትረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ባለ ቪዲዮ ቤት (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት፤ ልጅዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎት። ዲስኩም መጻፊያውም ጤነኛ ይመስሉኛል። እኔ ለብዙ ዓመታት የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ እየቀረጽኩ በዲቪዲ አስረክብ ነበር፤ ጀማሪ የሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው እርስዎ በተሳሳቱበት ቦታ ነው።

እርስዎ የሠሩት የመረጃ ዲስክ ነው፤ ይህም ማለት ዲስኩን እንደ ፍላሽ ተጠቅመው ፋይል አስቀመጡበት ማለት ነው። ኮምፒውተር ማንኛውንም ፋይል መክፈት ስለሚችል አይቸገርም። የቆየ የዲቪዲ ማጫወቻ ግን የሚያውቀው አንድ የተወሰነ አሠራር ብቻ ነው፦ ምስሉ ኤምፔግ-2 በሚባለው መንገድ የታመቀ፣ ድምፁ ለምሳሌ ኤሲ-3 የሆነ፣ ሁሉም «ቪዲዮ ቲኤስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ በስም ተከፋፍሎ የተቀመጠ መሆን አለበት። ፎልደሩን ቢከፍቱት ምስልና ድምፅ የያዙ ቪኦቢ የሚባሉ ፋይሎች፣ ማጫወቻውን የሚመሩ አይኤፍኦ የሚባሉ ፋይሎች፣ እንዲሁም የእነዚሁ መጠባበቂያ የሆኑ ቢዩፒ የሚባሉ ፋይሎች ያገኛሉ። ኤምፒ4 ፋይል ብቻውን ሲሰጠው ማጫወቻው የሚጀምርበትን ቦታ አያገኝም። አንዳንድ አዳዲስ ማጫወቻዎች ኤምፒ4ም ያነባሉ፤ የእናትዎ ግን ከእነዚያ ወገን መሆኑን ሳያረጋግጡ በዚህ ላይ መተማመን አይገባም።

ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት አይጠበቅብዎትም። ዲቪዲ ስታይለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። አዲስ ሥራ ሲጀምሩ የዲስኩን መጠን፣ የምስሉን ስፋትና የቴሌቪዥኑን ሥርዓት ይጠይቅዎታል፤ ከዚያ ቪዲዮውን ጎትተው ያስገባሉ፤ ወደ ኤምፔግ-2 የሚቀይረውም ፎልደሩን የሚያዘጋጀውም እሱ ራሱ ነው። ነፃ ፕሮግራም ሲጭኑ ግን የማይፈልጉት ሌላ ፕሮግራም አብሮ እንዳይገባ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚጠየቁትን እያነበቡ ይለፉ።

መልስ፦ ሀሌታ (አዲስ አበባ)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዲቪዲ የቀጠና ኮድ አለው፤ አሜሪካ ቀጠና 1 ስትሆን ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር ቀጠና 5 ውስጥ ናት። ስለዚህ አሜሪካ የተሠራ ዲስክ እዚህ ላይከፈት ስለሚችል፣ ፋይሉን በፍላሽ ልከው እዚህ ያለ ፎቶ ቤት ቢያሠሩት አይሻልም?

መልስ፦ የድምፅ ባለሙያ (ሲያትል)

የቀጠና ኮድ ፊልም ሠሪዎች ለገበያ በሚያወጡት ዲስክ ላይ ሆን ብለው የሚያስገቡት እገዳ ነው። እቤት የተሠራ ዲስክ በሁሉም ቀጠና እንዲከፈት ሆኖ ስለሚጻፍ በዚህ በኩል ስጋት አይኑርዎት። ይልቅ ከዚህ ጋር ዘወትር የሚምታታና በእርግጥ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱም የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው።

አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ትጠቀማለች፤ ምስሉ 720 በ480 ነጥብ (ፒክስል) ሆኖ በሰከንድ 29.97 ፍሬም፣ ማለትም ተከታታይ ነጠላ ሥዕል፣ ያሳያል። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ፓል ነው፤ እሱ ደግሞ 720 በ576 ሆኖ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው «ዲስኩ የሚሄደው ወደ ኢትዮጵያ ስለሆነ ፓል ይሁን» ይላል። እኔ ግን በእርስዎ ሁኔታ ኤንቲኤስሲ እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ምክንያቴንም በዝርዝር ላስረዳ።

አንደኛ፣ ስልክዎ የቀረጸው በሰከንድ 30 ፍሬም ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከ29.97 ጋር ስለሚቀራረብ የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወደ 25 ሲወርድ ግን በየሰከንዱ አምስት ፍሬም ይጣላል፤ ሰው ቆሞ ሲያወራ አይታወቅም፤ ከበሮ ሲመታና ሰው ሲያሸበሽብ፣ ወይም ስልኩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሁለተኛ፣ ፓል በሚጠቀሙ አገሮች የሚሸጡ የዲቪዲ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ኤንቲኤስሲንም ያነባሉ፤ አሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ግን ፓልን አያነቡም። ስለዚህ ፓል ቢሠሩ ዲስኩን ጎረቤትዎ ቤት መሞከር ላይችሉ ነው፤ ሳይሞከር ደግሞ መላክ የለበትም። ደብረ ማርቆስ ያለ ዘመድ የማጫወቻው ጀርባ ወይም ሥር ላይ ሁለቱም ስሞች ተጽፈው እንደሆነ አይቶ በስልክ ይንገርዎት።

የምስሉን ጥራት በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ በቢት ሲቆጠር 37,600 ሜጋቢት ነው። የእርስዎ ቪዲዮ 100 ደቂቃ፣ ማለትም 6,000 ሰከንድ ስለሆነ፣ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰከንድ ከ6.2 ሜጋቢት ትንሽ በለጥ ያለ ይደርሳል። ለድምፁ 0.2 ያህል ተቀንሶ፣ ዲስኩ እስከ ጠርዙ እንዳይሞላም ጥቂት ተትቶ፣ ለምስሉ 5.8 ቢሰጡት በጣም ጥሩ ነው። ሦስት ሰዓት የሚሆን ቪዲዮ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ወደ 3 ስለሚወርድ ለሁለት ዲስክ ይከፈል እል ነበር። ኮምፒውተርዎ የባዶውን ዲስክ መጠን 4.37 ብሎ ቢያሳይዎት ዲስኩ ጎዶሎ ሆኖ አይደለም፤ ያው መጠን በ1,000 ፈንታ በ1,024 ተባዝቶ ሲቆጠር የሚሰጠው ቁጥር ነው።

የማርቆስ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ የማጫወቻውን ጀርባ አይቶ «ፓል/ኤንቲኤስሲ» ተጽፎበታል ብሎኛል። ዲቪዲ ስታይለርን ጭኜ በተባለው መሠረት ሠራሁ፤ ዲስኩ ጎረቤቴ ቤት ተከፈተ! ምስሉም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ገጠመኝ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ከምስሉ ጋር የተስማማ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ኋላ ላይ ቀስ በቀስ እየዘገየ ሄዶ በመጨረሻ ካህኑ ከንፈራቸውን ካንቀሳቀሱ በኋላ ነው ቃሉ የሚሰማው። ሁለተኛው፣ የክርስትና እናቷ ስልኳን ወደ ጎን ሳታጋድም አቁማ የቀረጸችው ክፍል አለ፤ በቴሌቪዥኑ ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ሆኖ መካከሉ ጠባብ ነው።

መልስ፦ የድምፅ ባለሙያ (ሲያትል)

የድምፁ መዘግየት ከስልኩ የመጣ ነው። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹትን የፍሬም ብዛት እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለም ሲል 24 ሊወርድ፣ ደጅ ሲወጡ 30 ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ይህን እየተከታተለ ያስተካክለዋል፤ ዲቪዲ ግን ቋሚ ቁጥር ስለሚፈልግ፣ ሲቀየር የሚፈጠረው ጥቂት ልዩነት በ100 ደቂቃ ውስጥ ተጠራቅሞ ጎልቶ ይሰማል። መፍትሔው ሃንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም እያንዳንዱን የስልክ ፋይል መጀመሪያ ወደ ቋሚ ፍሬም መለወጥ ነው፤ የቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ 29.97 ይምረጡና ከሥሩ ካሉት ምርጫዎች ተለዋዋጩን ትተው ቋሚ የሚለውን ይያዙ። ዋናው ነገር ይህን ቅንጥብጣቢዎቹን ከመቀጠልዎ በፊት ማድረግ ነው፤ ተቀጥለው ካለቁ በኋላ ቢያደርጉት መዛነፉ አብሮ ሊቀጥል ይችላል።

ቆሞ የተቀረጸውን ክፍል ለማስፋት ብለው እንዳይለጥጡት አደራ፤ የሰው ፊት ተዘርጥጦ ይበላሻል። ጥቁሩ ይቆይ።

መልስ፦ ባለ ቪዲዮ ቤት (ባሕር ዳር)

ወደ መጨረሻው ዲስክ ከመድረስዎ በፊት ስለ ዲስኩ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ባዶ ዲስክ ሲገዙ ዲቪዲ ከሚለው ቀጥሎ የመቀነስ ምልክትና አር ያለበትን ይምረጡ። የመደመር ምልክት ያለው ኋላ የመጣ ስለሆነ አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች ይቸገሩበታል። ተሰርዞ እንደገና የሚጻፈው ደግሞ ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብርሃን የመመለስ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ሌንሱ ያረጀ ማጫወቻ ላያነበው ይችላል፤ ስለዚህ ለእናትዎ እሱን አይላኩ። ባለ ሁለት ንብርብሩም 8.5 ጊጋባይት ይይዛል ተብሎ ቢወደድም እዚህ አያስፈልግዎትም።

ፕሮግራሙ በቀጥታ ዲስክ ላይ ይጻፍ ወይስ በመጀመሪያ በኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ ብሎ ሲጠይቅዎት፣ አይኤስኦ የሚባለውን አንድ ፋይል እንዲያወጣ ያድርጉት። ያንን ፋይል ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ከፍተው መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ይዩ። ሁሉም ጥርት ብሎ ከታየ በኋላ ብቻ ዲስክ ያስገቡ። የመጻፊያ ፍጥነቱን 16 እጥፍ ላይ አይተዉት፤ 4 ወይም 8 እጥፍ ላይ አድርገው ይታገሡ፤ ሲጨርስም ፕሮግራሙ የጻፈውን መልሶ አንብቦ እንዲያረጋግጥ ይዘዙት። ዲስኩ መዘጋት አለበት፤ ማለትም ፕሮግራሙ ጽሑፉን ጨርሶ ሌላ እንዳይጨመርበት ማድረግ (ፋይናላይዝ) አለበት፤ ካልተዘጋ መጻፊያው ሲያነበው ሌላ ማጫወቻ ላያነበው ይችላል። በሚጻፍበት ጊዜ ላፕቶፑን ለሌላ ሥራ አይንኩት። እኛ ዘንድ በሥራ መካከል መብራት ጠፍቶ የተበላሸብን ዲስክ ብዙ ነው፤ እርስዎ እንኳ ያ ችግር ባይኖርብዎ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

የወረቀት ስቲከር አይለጥፉበት። ዲስኩ በፍጥነት ሲዞር ሚዛኑን ያዛባዋል፤ ሙቀት ሲነካውም እየተላቀቀ ማጫወቻው ውስጥ ይጣበቃል። ጫፉ ለስላሳ በሆነ የዲስክ መጻፊያ ማርከር ስሙንና ቀኑን መጻፍ ይበቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ማውጫ ገጽ አያስገቡበት። ለእኛ ያምራል፤ አንዲት እናት ግን ሪሞቱ ላይ የትኛውን እንደምትጫን ሳታውቅ በቆመ ሥዕል ፊት ትቀመጣለች። ፕሮግራሙ ውስጥ ማውጫውን ይሰርዙት፤ ዲስኩ እንደገባ በቀጥታ ይጀምራል። ይልቅ በየአሥር ደቂቃው ምዕራፍ ያስገቡበት፤ ወደፊት ለማለፍ የምትፈልግ ከሆነ አንድ ቁልፍ ብቻ ይበቃታል። ጽሑፍ ካለዎትም ወደ መካከል ያስጠጉት፤ ጀርባው ወፍራም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር ዳር ይቆርጣል።

የማርቆስ ልጅ፦

የደረሰውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ሁሉንም ቅንጥብጣቢ በሃንድብሬክ ወደ ቋሚ 29.97 ለውጬ እንደገና ቀጠልኩት፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተስተካከለ። ማውጫውን ሰርዤ፣ በ4 እጥፍ ፍጥነት ሁለት ዲስክ ጽፌ፣ ሁለቱንም ጎረቤቴ ቤት ከዳር እስከ ዳር አይቼ፣ አንዱን በሻንጣ አንዱን በእጅ ቦርሳ ሆኖ እንዲሄድ አደረግሁ። የመጀመሪያውን ፋይልም በፍላሽ አብሬ ላክሁ።

ትናንት ማታ እናቴ ቤት ገባ። መጀመሪያ ምስሉ ቀለም አጥቶ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንከባለል ስለነበር ወንድሜ ደንግጦ ደወለልኝ። በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ የቴሌቪዥን ዓይነት የሚለው ላይ ምን እንደተመረጠ ስጠይቀው ኤንቲኤስሲ ነው አለኝ፤ ይህም ማጫወቻው ምስሉን ቴሌቪዥኑ በማያውቀው ሥርዓት ያወጣ ነበር ማለት ነው። ፓል ወደሚለው ሲቀይረው ማጫወቻው ራሱ እየለወጠ ማውጣት ጀመረ፤ ወዲያው ቀለሙ ተመለሰ፣ ምስሉም ቆመ። ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ሰው ዲስኩን ከመጣሉ በፊት መጀመሪያ ይህንን ይመልከት።

ስልኩን ሳይዘጋው ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠልኝ። ካህኑ የክርስትና ስሟን ሲጠሩ የተሰማው የእናቴ እልልታ ነበር።