ፊሊፒኗ 1500፣ እኔ 1000፦ ኮንትራት ሳድስ ልጠይቅ?

የሪያዷ፦ እህቶች እንዴት ናችሁ? ሪያድ ነኝ። እዚህ ቤት ሁለት ሠራተኞች ነን፣ እኔና አንዲት ፊሊፒን። እሷ 1500 ሪያል፣ እኔ 1000። እሷ ልጆቹን ይዛ እንግሊዝኛ ታወራላቸዋለች። ምግቡ፣ ጽዳቱ፣ የባባ ቶብ (ረጅም ነጭ ቀሚሱ) ካውያ የኔ ነው። ከዚያ ደግሞ የማዳምን እናት አጥባለሁ፣ አነሳለሁ፤ ሴትዮዋ ከባድ ናቸው፣ ወገቤ አልቋል። ልጁ ሽንት ጨርቁን ሲያበላሽ ግን የሚጠራው የኔ ስም ነው! ማዳምን ብጠይቃት «የሐበሻ ዋጋ ነው» አለችኝ፣ የቲማቲም ዋጋ እንደምትነግረኝ። ክፉ ሴት አይደለችም እኮ፣ ዒድ ሲመጣ ትሰጠኛለች። ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ጭማሪ ልጠይቅ ወይስ ወደ አገሬ ትመልሰኛለች?

ዶሃ ያለሁት፦ የኔ እህት፣ ኳታር ከመጋቢት 2013 ወዲህ ዝቅተኛው ደመወዝ ለየትኛውም አገር ሰው 1000 ሪያል ነው፣ የቤት ሠራተኛም ይገባዋል። ሆኖም እኔ የማውቃቸው ሐበሾች እዚያችው 1000 ላይ ናቸው፤ ፊሊፒኖቹ እዚህም ወደ 1500 ያገኛሉ።

የድሮ ኤጀንሲ ሠራተኛ፦ አዲስ አበባ ኤጀንሲ ውስጥ ሠርቻለሁ። ዋጋው ማዳም ቤት አይደለም የሚቆረጠው። የፊሊፒንስ መንግሥት በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ ላይ የቤት ሠራተኛዬ ከ400 ዶላር በታች አትሠራም ብሎ ወሰነ። 1500 ሪያል ማለት እሱ ነው። የኛ መንግሥት በፈረንጆቹ 2017 ከሳውዲ ጋር ሲፈራረም 1000 ሪያል ላይ ተስማማ። የሳውዲ የሠራተኛ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፣ ስለዚህ ሁሉም አገሩ ባስገባለት ቁጥር ይኖራል። እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ነው የሚሉ አሉ። እሺ፣ አሮጊቷን ለማንሳት እንግሊዝኛ ምን ይሠራል?

እማ ጅዳ፦ ውዴ፣ እኔ ስመጣ 700 ነበር። ጉልበት የሚኖርሽ አሁን፣ በማደሻው ጊዜ ነው። አዲስ ሠራተኛ ለማስመጣት ለመክተቡ (ሠራተኛ ለሚያስመጣው ቢሮ) ብዙ ሺህ ሪያል ትከፍላለች፣ ወራት ትጠብቃለች፣ እናቷም አዲስ ሰው አይለምዱም። 1500 ብለሽ ጀምሪና ከ1300 አትውረጂ። የዒዱን ስጦታ ከደመወዝ እንዳትቆጥርብሽ። በአፍ ብቻ እሺ አትበያት፣ ሙሳነድ ላይ (የቤት ሠራተኛ ኮንትራት የሚመዘገብበት የሳውዲ መንግሥት ድረ ገጽ) ኮንትራቱ ሲታደስ ቁጥሩ ይግባ።

የሪያዷ፦ እማ፣ አላህ ይስጥሽ። ዛሬ ቡና ይዤላት ገብቼ 1500 አልኳት። «ባባን ልጠይቀው» አለች። ፊሊፒኗ ሰምታ እሷም ልታስጨምር ተነስታለች፣ ሃሃ።