ኩላሊት ለተቀበለች ሰው የኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ለምን በድጋሚ ይታዘዛል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ሕይወቱ ካለፈ ለጋሽ ኩላሊት ተቀብላ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። በክትትል ወረቀቷ ላይ ከአንድ ወር በኋላ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ ደም እንድትሰጥ ታዟል። ለጋሹ ተመርምሮ ነጻ ከተባለ ይህ ለምን አስፈለገ? እናታችን «የታመመ ሰው ኩላሊት ሰጥተዋት ነው» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል።

መልስ፦
ለእኅትዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። እናትዎን ያረጋጉልን፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይህ ምርመራ ከንቅለ ተከላው በኋላ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ለሁሉም ተቀባዮች የሚደረግ ስለሆነ፣ መታዘዙ ለጋሹ ተጠርጥሯል ማለት አይደለም። ምክንያቱ ግን እውነተኛ ነው። ለጋሹ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በቫይረሱ ተይዞ ከነበረ፣ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ረቂቅ ምርመራ እንኳ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ሲን ለአንድ ሳምንት ገደማ፣ ሄፓታይተስ ቢን ደግሞ ለሦስት ሳምንት ገደማ ላያገኛቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በቺካጎ በአንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት የሚያመነጨው መከላከያ) ምርመራ ነጻ ከተባለ አንድ ለጋሽ አካል የተቀበሉ አራት ሰዎች ኤች አይ ቪም ሄፓታይተስ ሲም ተላልፎባቸው፣ ነገሩ የታወቀው ከወራት በኋላ ነበር። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ መዘግየት ነው፤ ሄፓታይተስ ሲ በጊዜ ከተደረሰበት ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት በሚዋጥ ክኒን ይድናል፣ ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ቢም በመድኃኒት ይገታሉ።

ሌላ መልስ፦
የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። እኅትዎ የሚወስዱት መድኃኒት ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የመከላከል አቅማቸውን ስለሚያዳክም፣ ቫይረስ ቢገባ እንኳ አንቲቦዲ ዘግይቶ ሊመጣ ወይም ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የአንቲቦዲ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ የታዘዘው የዘረመል ምርመራ መሆኑን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ሌላ መልስ፦
ከአገር ቤት ዘመድ ኩላሊት ሊሰጥ የሚመጣላችሁም አስቡበት። በባዶ እግር ከአፈር የሚገባው ስትሮንጊሎይድስ የተባለው ትል ምንም ምልክት ሳያሳይ በሰው አንጀት ለዓመታት ይኖራል፤ የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት በተዳከመ ተቀባይ ውስጥ ግን ተባዝቶ ሰውነቱን ሊወርና ሊገድል ይችላል። ለጋሹ አስቀድሞ በደም ምርመራ ከታወቀበት በአይቨርሜክቲን ይታከማል፤ ስለዚህ የት ተወልዶ እንዳደገ ለሐኪሞቹ ይነገር።