ለአይላንድ ፒክ ተራራ ጉዞ ልከፍል ነው፣ ፕሮግራሙ ግን አላማረኝም

ሰላም ወገኖች፣ ሂማላያ የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

አንድ የኔፓል አስጎብኚ ድርጅት ፕሮግራም ላከልኝ። ከሉክላ በእግር ተነስተን በናምቼ ባዛርና በዲንግቦቼ በኩል ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ እንደርሳለን፣ 5364 ሜትር። ከዚያ ወደ ቹኩንግ ዞረን አይላንድ ፒክን እንወጣለን፣ 6189 ሜትር።

ችግሩ ጥድፊያው ነው። ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። እነሱ ግን ከናምቼ (3440) አስነስተው በዚያው ቀን ዲንግቦቼ (4410) ሊያሳድሩኝ ነው! መጠባበቂያ ቀንም የለም። ንፋስ ከመጣ ጫፉን ሳላይ መመለሴ ነው። ስጠይቃቸው “የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምዷል” አሉኝ። አዲስ እኮ 2400 ሜትር ገደማ ናት። ራስ ዳሸንን ወጥቻለሁ፣ እሱም ቢሆን ከ4600 አያልፍም።

ሌላው ከአይላንድ ፒክ ጫፍ በታች ያለው ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ ነው። በተዘረጋ ገመድ ላይ በጁማር (ገመዱን ነክሶ ወደ ላይ ብቻ በሚንሸራተት መያዣ) እየተሳቡ ነው የሚወጡት። እኔ ደግሞ ክራምፖን (በረዶ ላይ የሚያስረግጥ ባለ ሹል ብረት) እግሬ ላይ አስሬ አላውቅም። ከመውጣቱ በፊት የሚሰጡት የግማሽ ቀን ስልጠና ይበቃል? ወይስ ሌላው የኔፓል ተራራ ሜራ ፒክ ይሻለኛል? 6476 ሜትር ቢሆንም ዳገቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ገመድ ላይም ብዙ አያንጠለጥልም።

ኢንሹራንሱማ ራስ ምታት ሆኖብኛል። ያገኘሁት 6000 ሜትር ላይ ያቆማል። ከዚያ በላይ፣ ሄሊኮፕተርን ጨምሮ የሚሸፍን ኢትዮጵያ ሆኖ የገዛ ሰው አለ? ቅድመ ክፍያው እስከ አርብ ነው።