መናፈሻችንን በግንብ ማጠሩ ያዋጣል?

የከዚራ ነዋሪ፦
የድሬ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በሰፈራችን ያለችው ትንሽ መናፈሻ ከመሸ በኋላ ማንም የማይደፍራት ሆናለች። ባለፈው ሳምንት እህቴ ከሥራ ስትመለስ ከቁጥቋጦው ጀርባ የወጣ ጎረምሳ ስልኳን መንትፏት ሮጠ። አሁን የሰፈሩ ሰዎች ዙሪያዋን ከሰው ቁመት በላይ በግንብ አጥረን አንድ በር ብቻ እንተውላት ብለው መዋጮ ጀምረዋል። በሌላ ከተማ እንዲህ አስፈሪ የነበረ መናፈሻ እንዴት እንደተለወጠ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ መዋጮው ከመውጣቱ በፊት የኒውዮርኩን ብራያንት ፓርክ ታሪክ ብታስታውሱ መልካም ነው። ይህ ከከተማዋ ዋና ቤተ መጻሕፍት ጀርባ የሚገኝ መናፈሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች መናኸሪያ ሆኖ ነበር። ሁኔታውን ያጠናው የከተማ ቦታዎች ተመራማሪ ዊልያም ኋይት የደረሰበት ነገር ለእናንተ ጉዳይ ቀጥተኛ መልስ ይመስለኛል፦ መናፈሻው ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በብረት አጥርና በቁጥቋጦ የተከበበ፣ መግቢያውም ጥቂት ስለነበረ፣ ከውጭ የሚያልፈው ሰው ውስጡን ማየት አይችልም፤ መሸሸጊያ ለሚፈልገው ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። በ1988 ተዘግቶ በ1992 ሲከፈት ቁጥቋጦው ተነሥቶ፣ መግቢያው ሰፍቶ፣ ሰው ወደ ፈለገው ጥላ የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበሮች ገብተውለት ነበር። እናንተ ልትገነቡት ያሰባችሁት እነርሱ ያፈረሱትን ነው።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው እውነት ቢሆንም፣ ቦታን ማሳመር ብቻውን ሰውን አይለውጥም። ዙሪክ ውስጥ ፕላትዝሽፒትዝ የተባለው መናፈሻ የሄሮይን ተጠቃሚዎች በግልጽ የሚሰበሰቡበት ስለነበር በ1992 ቢዘጋም፣ ሰዎቹ አገልግሎት ወደማይሰጠው የሌተን ባቡር ጣቢያ ተዛወሩ፤ እርሱም እስከ 1995 ሳይዘጋ ቆየ። ነገሩ እየረገበ የሄደው ሕክምናው ሲስፋፋ ነው። ያ ጎረምሳም ከመናፈሻዋ ቢባረር የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ሌላ እህት ይጠብቃል።

መልስ 3፦
እኔ የዚያው ሰፈር ሰው ነኝና የማየውን ልናገር። ድሬ ሙቀቱ በረድ ሲልላት ነው ሰው ከቤቱ የሚወጣው፤ መናፈሻዋ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ትጨልማለች፣ መብራቷ ከተቃጠለ ቆይቷልና። ስልክ የማይነጠቅባት አንዲት ጥግ ብትኖር ቡና የምታፈላው ሴት ከሰል አያይዛ፣ አራት በርጩማ ደርድራ የምትቀመጥባት ነበረች። እርሷንም «ቦታውን ታቆሽሻለች» ብለው አስነሷት። ልብ በሉ፣ ያስነሷት ዛሬ ለግንብ መዋጮ የሚሰበስቡት ናቸው።

የከዚራ ነዋሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ በሚደረገው ስብሰባ መዋጮው ለመብራት እንዲውልና ሴትዮዋ እንድትመለስ እጠይቃለሁ። ቁጥቋጦውን ማንሣቱ አያከራክርም፤ የኒም ዛፎቹን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ግን ጥላው ሳይጎዳ እስከ ምን ቁመት ድረስ መመልመል እንደሚቻል የሚያውቅ አትክልተኛ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።