በቀይ የተቀባ ሰፈር ውስጥ ቤት ስለ መከራየት

ውድ እኅታችን፣ ሊከራዩ ያሰቡት ቤት ያለበት ሰፈር በጥቃት ካርታ ላይ (ጥቃት የበዛበትን ቦታ በቀይ፣ ያልተመዘገበበትን በነጭ በሚያሳየው ካርታ) በደማቅ ቀይ ተቀብቶ ማየትዎ እንቅልፍ ቢነሳዎ አይፈረድብዎትም፤ ልጆች ይዞ ወደማያውቀው ከተማ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት ደኅንነትን ያስቀድማል። ነገር ግን ቤቱን ከመተውዎ በፊት ያ ቀለም ከየት እንደመጣ እንዲያጣሩ አደራ እላለሁ።

ጥቃት በአንድ ሰፈር ውስጥ በእኩል ተበትኖ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2008 በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የደረሱትን የተኩስ ጥቃቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ የተፈጸሙት ከከተማዋ መንገዶችና መስቀለኛ ቦታዎች 5 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ እንደነበር አግኝተዋል። ካርታው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀባው ሰፈርን በሙሉ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ መጠጥ ቤት ያለበት ማዕዘን፣ ሁለት መንገድ አልፎ ያለውን ጸጥተኛ መንደር አብሮ ያስወቅሰዋል። የመሐል ከተማውማ ይባስ ይላል፤ ነዋሪው ጥቂት፣ በቅዳሜ ምሽት የሚመጣው ሰው ግን እጅግ ብዙ በመሆኑ የተጎጂዎች ቁጥር ለነዋሪ ሲካፈል ከእውነታው በላይ ያስፈራል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ መረጃው የማን ነው የሚለው ነው። በኢንተርኔት የምናገኛቸው ካርታዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለፖሊስ ከቀረበ አቤቱታ ነው። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ይሠሩ የነበሩት የአፍና የፊት ቀዶ ሐኪም ጆናታን ሼፐርድ፣ ተደብድበውና ተወግተው ለሕክምና ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ፖሊስ ዘንድ ጭራሽ እንደማይታወቁ አስተዋሉ። ከዚያ በኋላ የድንገተኛ ክፍል መዝጋቢዎች ጉዳቱ የት፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደደረሰ መጠየቅ ጀመሩ፤ መረጃው ስምና ማንነት ተነሥቶለት ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር እየተላለፈ፣ የፖሊስ ቅኝትም ሆነ የመጠጥ ቤቶች ቁጥጥር በዚያ መሠረት ይመራ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት፣ በጥቃት ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎች መጠን ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል።

ይህ በባዕድ አገር የምንኖረውን እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከመካከላችን በቋንቋ እጥረት ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ነገር አሳስቦት ወደ ፖሊስ የማይሄድ ብዙ ነው፤ ሐኪም ቤት ሲደርስም «ወድቄ ነው» ብሎ ያልፋል። በዚህ የተነሣ ወገኖቻችን የሚደበደቡበት መንገድ በካርታው ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ መብራትም ቅኝትም አይመደብለትም። መዝጋቢዋ «የት ነው የተጎዱት?» ስትል የምትፈልገው የቤት አድራሻችንን ሳይሆን የመንገዱን ስም ወይም በአጠገቡ ያለውን ሱቅ ወይም ፌርማታ ነው። ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ፋንታ የተጎጂው መኖሪያ በስሕተት ከተመዘገበ መሐል ከተማ የደረሰው ጉዳት በሰፈሩ ይቆጠራል። የሚሰጡት መረጃ ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ መጠየቅም መብትዎ ነው፤ ለምሳሌ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሐኪም ቤት የጥይት ቁስልን ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት የተጎጂዋን ማንነት ላለማጋለጥ ሲባል ብዙ ጊዜ በይፋ ካርታ ላይ በትክክለኛ ቦታው አይቀመጥም። ስለዚህ ነጭ የሆነ ሰፈር በየቤቱ ሰላም አለ ማለት አይደለም።

ቦታም ይለወጣል። በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ባዶ የቀሩና ቆሻሻ የተከመረባቸው ቦታዎች ተጠርገው ሣርና ዛፍ ሲተከልባቸው፣ በድኻ ሰፈሮች የተኩስ ጥቃት በ29 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። የቆየ ካርታ እንዲህ ያለውን ለውጥ አያሳይም።

ስለዚህ ከተቻለ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ከሰው ጋር ሆነው ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤቱ በር ድረስ ይሂዱ፤ መብራቱን፣ የተዘጉትን ቤቶችና ሰው የሚሰበሰብበትን ማዕዘን ይመልከቱ፤ ጎረቤቶችንም ያነጋግሩ። የካርታውን ዓመትና የመረጃውን ምንጭ እዚህ ቢጽፉልን፣ በዚያ ከተማ የሚኖሩ አባሎቻችን መንገዱን በስሙ ለይተው ሊነግሩዎ ይችላሉ።