ሴቶቹን ቡችሎች ማን ይውሰድልኝ? ምክራችሁን እፈልጋለሁ
ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። የጀርመን ሼፐርድ ውሻዬ 7 ቡችሎች ወልዳ ዛሬ 5 ሳምንት ሆናቸው። 3ቱን ወንዶች ሰው ሁሉ አሁኑኑ ስጪን ይለኛል፤ እኔ ግን 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አልለያቸውም፣ ንክሻቸውን መመጠን የሚማሩት እርስ በርስ ሲላፉ ነው። 4ቱን ሴቶች የሚጠይቅ ግን የለም። «ትወልድብናለች» ይላሉ። ማስመከን ይቻላል ስላቸው ዝም። ትናንት አንዱ ሰንሰለት ይዞ መጣ፤ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታ ነው የምፈልገው ሲለኝ አንጀቴ አልቻለም፣ መለስኩት። ትንሿ ጆሮዋ እንኳን ገና አልቆመም፣ ጫማዬ ላይ ነው የምትተኛው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ 3 ወር፣ ሁሉንም ላቆያቸው አቅሜ አይፈቅድም። እናንተ ሰው ስትመርጡ ምን ትጠይቃላችሁ? ካልተስማማችሁ ለእኔው መልሱልኝ ብሎ ማስፈረምስ ያዋጣል?