ባንዷን ትታ የወጣችው ድምፃዊት ልክ ነበረች? (ክርክር)

አቤል፦
ሰሞኑን ያንን ፉጨት ያለበት ዘፈን ደጋግሜ እየሰማሁት ነው። ስሙን ባታውቁ እንኳ ፉጨቱን ታውቁታላችሁ። «ያንግ ፎክስ» ይባላል፤ ፒተር፣ ብዮርንና ጆን የሚባሉት ስዊድናውያን በ2006 ያወጡት ነው። መጀመሪያ ወንዱ ይዘፍናል፣ ቀጥሎ አንዲት ሴት ትቀበለዋለች። አትጮህም፣ ድምፅዋን አታርገበግብም። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየላጠች ለራሷ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ሴትየዋ ቪክቶሪያ በርግስማን ናት። ለዘፈኑ በእንግድነት ነው የገባችው። የራሷ ባንድ ዘ ኮንክሪትስ ይባላል፤ በ1995 ስቶክሆልም ውስጥ ከማሪያ ኤሪክሰንና ከሊሳ ሚልበርግ ጋር የመሠረተችው። ሦስት ሴቶች የጀመሩት ነገር ኋላ ስምንት ሰው ሆነ። በ2006 «ኢን ከለር» የሚል አልበም አወጡ፤ እሷም በዚያው ዓመት ለቀቀች። ከዚያ በኋላ «ቴክን ባይ ትሪስ» በሚል ስም ለብቻዋ ቀጠለች።

ልክ ነበረች? እኔ አልነበረችም ባይ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የለፉበት ነገር ገና ፍሬ መስጠት ሲጀምር ጥሎ መሄድ ሌላ ስም የለውም፣ ክህደት ነው። ደግሞ ለብቻዬ ነኝ ካለች ለምን በራሷ ስም አልወጣችም?

ሜሪ (ስቶክሆልም)፦
አቤልዬ፣ «ክህደት» ትንሽ አልበዛም?

ባንድ እዚህ አገር እንዴት እንደሚጀመር ልንገርህ። ልጆቹ ከትንሽነታቸው የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አላቸው። ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ የጥናት ማኅበራት የሚባሉ አሉ፤ መንግሥት ይደጉማቸዋል። አራት አምስት ልጆች ጊታር አንጠልጥለው ይሄዱና «የጥናት ክበብ ነን» ብለው ይመዘገባሉ፤ የመለማመጃ ክፍል በርካሽ ያገኛሉ። የእኔ ልጅ አሁን እንደዚህ ነው የሚለማመደው። አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ በሩ ላይ የባንዶች ስም ዝርዝርና ሰዓት ተለጥፏል። ማክሰኞ የነሱ ነው።

ስለዚህ እዚህ ባንድ መጀመሪያ ጓደኝነት ነው፣ ሥራ የሚሆነው ኋላ ነው። በሃያ ዓመትሽ አብረሽ ሻይ የጠጣሽው ሰው በሠላሳ ዓመትሽ የሥራ ባልደረባ ሲሆን ነገሩ ይቀየራል። ጓደኛሞች እንደሆኑ ለመቆየት መለያየት የሚሻልበት ጊዜ አለ። የእሷ እንደዚያ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ውስጡን ሳናውቅ አንፍረድ።

ሰለሞን ኪቦርድ፦
እኔ ከተዉት ሳይሆን ከቀሩት ወገን ነኝ።

አዲስ አበባ አንድ ክለብ ውስጥ ስድስት ዓመት ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ድምፃዊያችን አንድ ሐሙስ ልምምድ ቀረ። ስልኩ ዝግ። ቅዳሜ ሌላ ክለብ በር ላይ ፎቶው ተለጥፎ አየነው፣ ብቻውን። የኛ ክለብ ባለቤት «ድምፃዊ ከሌለ ግማሽ ነው የምከፍለው» አለን። ባስ ጊታር የሚጫወተው ልጅ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረበት፤ አምፑን ሸጠ። ከዚያ በኋላ ባስ በእጁ ይዞ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ «ነፃነቷን ፈለገች» ምናምን ስትሉኝ እኔ የማስበው የቀሩትን ሰባቱን ነው። ደግነቱ ኮንክሪትሶች እንደኛ አልተበተኑም። ሊሳ ሚልበርግ ከበሮ መቺ ነበረች። ከከበሮው ኋላ ተነሥታ ማይክ ጨበጠች። በ2007 «ሄይ ትራብል» የሚል አልበም አወጡ፣ በ2010ም ሌላ ደገሙ። ለእኔ የታሪኩ ጀግና እሷ ናት።

ሜሪ (ስቶክሆልም)፦
ሶል፣ በጣም ያሳዝናል። ግን የአንተን ድምፃዊ ጥፋት በቪክቶሪያ ላይ አትጫን።

የድሮ ካሴት፦
ልጆች፣ በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ራሱ ብዙም አይነሳም። ለምን ብትሉ ባንዱ አጃቢ ነው። ካሴቱ ላይ ፎቶው የድምፃዊው ነው፤ ከታች በትንንሽ ፊደል «አጃቢ፦ ሮሃ ባንድ» ይላል። ሮሃ በደርግ ዘመን ስንቱን ድምፃዊ አጀበ! ድምፃዊ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ባንዱ እዚያው ነው። ሰለሞንን የጎዳው ድምፃዊው መሄዱ ብቻ አይደለም፣ የክለቡ ባለቤት ባንዱን ያለ ድምፃዊ ግማሽ ሰው አድርጎ መቁጠሩ ነው። ፈረንጆቹ ጋ ግን ባንዱ ራሱ ነው ዘፋኙ። ስሙ የስምንቱም ነው። ለዚያ ነው መለያየታቸው ፍቺ የሚመስለው።

ሰለሞን ኪቦርድ፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ግማሽ ሰው። ቃሉን ነው ያገኙልኝ።

ቤዛ፦
ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም እንዴ? እኔ ላንሳው።

«ያንግ ፎክስ»ን የጻፉት ሦስቱ የባንዱ አባላት ናቸው። ስዊድን ውስጥ ስቲም የሚባል የደራሲያን ማኅበር አለ፣ ከ1923 ጀምሮ። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲሰማ፣ መድረክ ላይ ሲቀርብ ስቲም የሚከፍለው ዜማና ግጥም ለጻፈው ነው። ድምፅህ ዓለምን ቢዞር እንኳ ካልጻፍከው የደራሲው ድርሻ አይደርስህም፤ የዘፋኝ ክፍያ ሌላ ነው። ክሊፑ ደግሞ ካርቱን ነው፤ እውነተኛ ፊቷ እንኳ አይታይም። ይህን ሁሉ አስቡት፦ በሕይወቷ ትልቁ ዘፈን የሌሎች ሰዎች ነው፤ በገዛ ባንዷ ውስጥ ደግሞ ከስምንት አንዷ ናት። የራሴን ልጻፍ፣ የራሴን ላውጣ ብትል ምን ይገርማል?

ስሟን ስላለመጠቀሟ፦ እሷ ብቻ አይደለችም። የሌላው የስዊድን ባንድ፣ የዘ ካርዲጋንስ ድምፃዊት ኒና ፔርሾን በ2001 ከባንዷ ውጭ ስትወጣ ኤ ካምፕ በሚል ስም ነው የወጣችው። በራሷ ስም አልበም ያወጣችው በ2014 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይታ! ስም ማለት መጋረጃ ነው፤ አንዳንድ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ይሻለዋል።

አቤል፦
የገንዘቡን ነገር አላሰብኩትም፣ እውነት። ኒና ግን ባንዷን ጥላ አልወጣችም። በ2012 ካርዲጋንሶች ተመልሰው መድረክ ሲወጡ እሷ ነበረች። ይልቅ ያልመጣው ዋናው ዜማ ደራሲያቸው ፒተር ስቬንሰን ነው፤ በምትኩ ሌላ ጊታር ተጫዋች ይዘው ሄዱ። እሷ ሁለቱንም ይዛ መኖር ችላለች። ቪክቶሪያ ለምን አትችልም ነበር?

ሰለሞን ኪቦርድ፦
የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ሰው በዛብኝ ብላ ከስምንት ሰው ሸሸች፤ ከዚያ በ2009 ፓኪስታን ድረስ ሄዳ ከማታውቃቸው ሙዚቀኞች ጋር «ኢስት ኦፍ ኤደን»ን ቀረጸች። ይሄ ነው «ሶሎ»?

ቤዛ፦
«ሰው በዛብኝ» ያለችው የት ነው? ከኪስህ አትጨምር እንጂ!

ፓኪስታኑ ግን ለእኔ መልሱ ነው። የመጀመሪያው አልበሟ «ኦፕን ፊልድ» በ2007 ወጣ፤ ፕሮዲውሰሩ ብዮርን ኢትሊንግ ነበር፣ ያው ከፉጨቱ ዘፈን ሰዎች አንዱ። ቀጥሎ ፓኪስታን። በ2012 የወጣው ደግሞ ሃዋይ ሃዋይ ይላል። በየአልበሙ ሰውም ቦታም ትቀያይራለች። እስቲ ስምንት ሰው ሰብስበህ «ፓኪስታን ሄደን እንቅረጽ» ብለህ ድምፅ አሰጥ። ቪዛው ሳይጠየቅ ሁለቱ የልጅ ልደት አለብኝ ይላሉ፣ አንዱ ሥራ ፈቃድ አልሰጠኝም ይላል፣ አንዷ ሆዴን ያመኛል ትላለች። ሶሎ ማለት ብቻህን መጫወት አይደለም። ማንን እንደምትጠራ አንተ ትወስናለህ ማለት ነው።

የድሮ ካሴት፦
እሱንስ እኛም እናውቀዋለን። አጃቢ መጥራት ነው።

ሰለሞን ኪቦርድ፦
ጋሼ፣ ይቺን አልወደድኳትም። 😄 ስዊድን ሄዳ ሄዳ የኛው ክለብ ደረሰች ማለት ነው? የፓኪስታኖቹስ ስም ሽፋኑ ላይ በስንት ፊደል ነው የተጻፈው?

ቤዛ፦
እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው። የምር። አልበሙን ስታዳምጠው ዋሽንቱና የእጅ ከበሮው ናቸው ልብህን የሚይዙት፣ የምናወራው ግን ስለ እሷ ነው።

አቤል፦
እሺ፣ «ክህደት» ያልኩትን አንስቻለሁ። የባንዱ ስም ግን ለቀሩት መቅረቱ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

ናቲ፦
እኔ አለሁ። የሦስቱ መሥራቾች ስም ነው፤ አንዷ ስትወጣ ሲሶው አብሮ ይወጣል። «ኮንክ» ብለው ይቀጥሉ።

ሜሪ (ስቶክሆልም)፦
😂 ናቲ!

በነገራችን ላይ ይሄን ክርክር አሁን ለልጄ አነበብኩለት። የነሱም ድምፃዊት ባለፈው ወር ወጥታለች፣ ለካ አልነገረኝም ነበር። የባንዱን ስም ያወጣችው እሷ ናት። «ታዲያ ስሙን ትቀይራላችሁ?» አልኩት። «አንችልም፣ በሩ ላይ በዚያ ስም ነው የተመዘገብነው፤ ክፍሉ እስከ ሰኔ የኛ ነው» አለኝ።

ሰለሞን ኪቦርድ፦
ታዲያ ማን ይዘፍናል?

ሜሪ (ስቶክሆልም)፦
ከበሮ መቺው። ማለቴ፣ ይሞክራል።